የትራክተር ናፍጣ በእርሻ ግቢ፦ ውሃ ሳይገባው፣ እሳት ሳይነሳበት ለማከማቸት

ዘር ቀን አይጠብቅም። ዝናቡ ጣል ካደረገ በኋላ መሬቱ ለእርሻ የሚመቸው ለጥቂት ቀናት ነው። በእነዚያ ቀናት ትራክተሩ ማደያ ላይ ተሰልፎ ከዋለ ወቅቱ አመለጠ ማለት ነው። በአርሲና በባሌ ስንዴ የሚያመርት፣ በሁመራና በመተማ ሰሊጥ የሚዘራ ሰው ናፍጣ ቀደም ብሎ ገዝቶ ግቢው የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው። ማደያው ከእርሻው ሲርቅማ ምርጫም የለው።

ማስቀመጡ ልክ ነው። አቀማመጡ ግን ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም። በርሜሉ ሜዳ ላይ ቆሞ ዝናብ ይመታዋል። አፉ በፌስታል ተወትፎ ይከርማል። ናፍጣው በጎማ በአፍ ተስቦ፣ ሌላ ነገር በነበረበት ጀሪካን ተቀድቶ ወደ ሰልባትዮ (የትራክተሩ የነዳጅ ቋት) ይገለበጣል። ትንሽ ቆይቶ ትራክተሩ ጉልበት አጣ፣ ጠዋት አልነሳ አለ፣ ጭስ አበዛ ይባላል። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ ወርዶ ሲፈታ ውስጡ ዝጎ ይገኛል። ለፖምፓና ለኖዝል (ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ ለሚረጨው) ጥገና የሚወጣው ገንዘብ ጥሩ የናፍጣ ማስቀመጫ ያሠራል።

ናፍጣ ማከማቸት ማለት ትልቅ ዕቃ መግዛት ማለት አይደለም። ውሃና አቧራ እንዳይገባ መከልከል፣ አምልጦ የገባውን ደግሞ ትራክተሩ ጋ ሳይደርስ ማውጣት ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚህ ሲባል የሚደረግ ነው። እሳቱን የሚመለከተው ደግሞ ለቤተሰባችሁ ሲባል ነው።

ስንት ሊትር ያስፈልጋችኋል?

ከታንከር ገበያ በፊት ሒሳብ ይቅደም። 80 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ያለው ትራክተር በእርሻ ሥራ ላይ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ሊትር ናፍጣ ይበላል። መሬቱ ጠንካራ ከሆነና ማረሻው ጠልቆ ከገባ ወደ 15ቱ ይጠጋል። መከስከሻና መዝሪያ ላይ ይቀንሳል። በሰዓት 12 ሊትር፣ በቀን 8 ሰዓት ብንይዝ በቀን 96 ሊትር ነው። እንግዲህ 1,000 ሊትር ለአንድ ትራክተር የ10 ቀን ሥራ ነው።

ለአንድ ወይም ለሁለት ትራክተር ከ1,000 ሊትር በላይ እንድታስቀምጡ አልመክርም። ናፍጣ በደንብ ከተያዘ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ይቆያል። ሙቀት በበዛበት ቆላ ግን 6 ወሩን ጣሪያ አድርጉት። ናፍጣ ሲያረጅ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ያበጃል፣ ፊልትሮ (ማጣሪያ) ይደፍናል። በባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚዘራ ናፍጣው ቶሎ ቶሎ ይታደሳል። በዓመት አንዴ ብቻ የምታርሱ ከሆነ ለወቅቱ የሚበቃችሁን ገዝታችሁ ጨርሱት።

ወረቀቱን አስቀድሙ

ነዳጅ በበርሜልና በጀሪካን መቅዳት በኢትዮጵያ ቁጥጥር የሚደረግበት ነገር ነው። ማደያው ዝም ብሎ አይቀዳላችሁም፣ ከቀዳላችሁም መንገድ ላይ ትያዛላችሁ። የተለመደው አካሄድ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ማውጣት ነው። ደብዳቤው ላይ የትራክተሩ ዓይነትና ሰሌዳ፣ የመሬቱ ስፋት፣ የሚያስፈልገው ሊትርና ጊዜው ቢጠቀስ ጥሩ ነው። አሠራሩ ከክልል ክልል፣ ከወረዳ ወረዳ ይለያያል። ስለዚህ ታንከሩን ከማሠራታችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ። ንግድ ጽሕፈት ቤትም ሊመለከተው ይችላል።

ደረሰኝ አትጣሉ። ከግንቦት 2015 ወዲህ በመላ አገሪቱ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል ስለሆነ ማስረጃው ስልካችሁ ላይ አለ። ቢሆንም በደብተር መዝግቡት፦ መቼ ተገዛ፣ ስንት ሊትር ገባ፣ ለየትኛው ትራክተር ስንት ወጣ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ በሕገወጥ የነዳጅ ንግድ ላይ ቅጣቱን አጥብቆታል። በደብዳቤ ያወጣችሁትን ናፍጣ ለጎረቤት መሸጥ ቢያንስ ናፍጣውን ያስወርሳል።

ቦታው

ዋናው ደንብ፦ ከመኖሪያ ቤት ራቅ፣ ከውሃ ራቅ፣ ለትራክተሩ ቀረብ።

በአሜሪካ ለእርሻ ነዳጅ ታንከር ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው ርቀት ከማንኛውም ሕንፃ 40 ጫማ፣ ማለትም 12 ሜትር ገደማ ነው። በእንግሊዝ ደግሞ ከወንዝና ከቦይ 10 ሜትር፣ ከውሃ ጉድጓድ 50 ሜትር ይጠበቃል። እነዚህን ቁጥሮች እኛም ብንይዛቸው አንጎዳም። ግቢው ጠባብ ከሆነና 50 ሜትር ካልተገኘ ታንከሩ ቢያንስ ከጉድጓዱ ወደ ታች፣ በተዳፋቱ በኩል ይሁን። መሬት ውስጥ የሰረገ ናፍጣ የጉድጓድ ውሃን ለዓመታት ያሸታል። የሚጠጣውም የእናንተው ቤተሰብ ነው።

ከጭድ ክምር፣ ከሣር ቤት፣ ከማድ ቤትና ከባሕር ዛፍ ሥር አርቁት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲደርቅ እንዴት እንደሚነድ ታውቁታላችሁ። ዙሪያውን ቢያንስ 3 ሜትር ሣሩን ጥረጉት። ከማዳበሪያ፣ ከዘርና ከፀረ ተባይ መጋዘን ጋርም አታገናኙት።

ትራክተሩ ማረሻውን እንደጎተተ ገብቶ፣ ወደ ኋላ ሳይል ዞሮ የሚወጣበት መንገድ ይኑር። አጥር ጥግ ላይ የተቀመጠ ታንከር አንድ ቀን በማረሻ መመታቱ አይቀርም። በትራክተሩ በኩል ሁለት የብረት ቋሚ በአርማታ ትከሉ።

ጥላ የግድ ነው። ናፍጣ እንደ ቤንዚን በቀላሉ አይያዝም፣ ትነቱ እሳት ለመያዝ ብዙውን ጊዜ ከ52 እስከ 55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ መሞቅ አለበት። ነገር ግን ሁመራ ላይ አየሩ ራሱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት ከአየሩ እጅግ ይበልጣል። በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ጎኑ ክፍት በሆነ ዳስ ውስጥ ይቀመጥ። ታንከሩን ነጭ ቀለም ቀቡት። ቤት ውስጥ ዘግቶ ማስቀመጥ ግን አይሆንም፣ ነፋስ ማግኘት አለበት።

በርሜል፣ የብረት ታንከር ወይስ ፕላስቲክ?

በርሜል ርካሽ ነው። 200 ሊትር ገደማ ይይዛል፣ ለመጫንም ይመቻል። እስከ 3 በርሜል ለሚያስቀምጥ ሰው ይበቃል። ግን አቀማመጡን ማወቅ ያስፈልጋል።

በርሜሉን አቁማችሁት ላዩን ተመልከቱ። ጠርዙ ከፍ ብሎ፣ መሐሉ ዝቅ ያለ ነው። ሁለት አፍ አለው፣ አንዱ ባለ 2 ኢንች፣ ሌላው ባለ ¾ ኢንች። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ጠርዙ ውስጥ ይታቆርና ሁለቱንም አፎች ያጥለቀልቃቸዋል። ቀን ላይ በርሜሉ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ተስፋፍቶ በክዳኑ ጥርስ መሐል ሽው እያለ ይወጣል። ማታ ሲቀዘቅዝ አየሩ ይሰበሰብና በርሜሉ መልሶ ይስባል። ያን ጊዜ የሚያገኘው አየር ሳይሆን አናቱ ላይ የታቆረውን ውሃ ነው። ክዳኑ በደንብ የጠበቀ ቢመስልም እንኳ ትንሽ ትንሽ ይገባል። አንድ ክረምት ሙሉ እንዲህ የተነፈሰ በርሜል ሥሩ ላይ በሊትር የሚቆጠር ውሃ ቢገኝበት አይግረማችሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሞልቶ የሚከርም በርሜል በእንጨት ወይም በብረት ቆጥ ላይ ተጋድሞ ይቀመጥ፣ ሁለቱ አፎችም ጎን ለጎን፣ በአንድ አግድም መስመር ላይ ይሁኑ። ያን ጊዜ ናፍጣው ከውስጥ ሆኖ አፉን ይሸፍነዋል። አየርም ውሃም አይሳብም። ቆሞ የሚቀመጥ ከሆነ ከሥሩ በአንድ ጎን ድፍን እንጨት አስገቡና አጋድሉት፣ አፎቹ ከታቆረው ውሃ በላይ በደረቁ በኩል ይሆናሉ። ጣራ ካለማ ሁሉም ይቀላል።

የብረት ታንከር የኔ ምርጫ ነው። ስፋቱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 1.3 ሜትር የሆነ ሲሊንደር 1,000 ሊትር ገደማ ይይዛል። ባለ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ በጥሩ በያጅ ከተሠራ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ውጪውን አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) አስቀቡ። ውስጡ ምንም አይቀባ።

አደራ የምላችሁ፣ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተቀባ) ብረት አትጠቀሙ። ታንከሩም፣ ቧንቧውም፣ መገጣጠሚያውም። የላዩ ዚንክ ከናፍጣ ጋር ይዋሃድና ሳሙና የመሰለ ነገር ይፈጥራል፣ እሱ ሄዶ ኖዝል ላይ ይጋገራል። መዳብና ነሐስም ናፍጣን ቶሎ ያስረጃሉ። የውሃ ቧንቧ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገብታችሁ ያገኛችሁትን ሁሉ አታስገጥሙ። ጥቁር ብረት ወይም አይዝጌ ብረት በሉ።

ፕላስቲክ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሮቶ የሚባለው የውሃ ታንከር ለውሃ ነው የተሠራው። ናፍጣ ይዞ ሲቆይ ግድግዳው ሊለሰልስና ሊያብጥ፣ መገጣጠሚያው ሊያንጠባጥብ ይችላል። በብረት ፍርግርግ የታቀፈው ነጭ ባለ 1,000 ሊትር ዕቃ ደግሞ ብርሃን ያስገባል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ እሳት ከነካው ቀልጦ ሁሉንም መሬት ላይ ያፈሰዋል። ለጥቂት ቀን ካልሆነ አልመክረውም። ለናፍጣ ተብሎ የተሠራ፣ ባለ ድርብ ግድግዳ ፕላስቲክ ታንከር ከተገኘ ግን ጥሩ ነው።

አሮጌ ዕቃ ከገዛችሁ ምን እንደነበረበት ጠይቁ። ፀረ አረም ወይም አሲድ የነበረበትን አትንኩት። ነዳጅ የነበረበትን ባዶ በርሜል ደግሞ በብየዳም ሆነ በመቁረጫ አታስነኩ። ባዶው ከሙሉው ይብሳል። ውስጡ የቀረው ጥቂት ናፍጣ በብየዳው ሙቀት ይተንና ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይፈነዳል። ሰው በዚህ ሞቷል።

መሠረቱና የፍሳሽ መያዣው

የ1,000 ሊትር ናፍጣ ክብደት ወደ 840 ኪሎ ነው። ታንከሩ ሲጨመር 10 ኩንታል ገደማ ይሆናል። ይህን ያህል ክብደት በአራት ቀጭን እግር አፈር ላይ ከቆመ፣ ክረምት ሲገባ አንዱ እግር ይሰምጣል። በተለይ ጥቁር አፈር ላይ። ስለዚህ ላዩን አፈር አንሡ፣ ጠጠር ደልድሉ፣ ፌሮ ያለው አርማታ ሙሉ።

በአርማታው ዙሪያ የብሎኬት ግንብ ገንቡና ውስጡን ለስኑት። ይህ ገንዳ ታንከሩ ቢቀደድ ናፍጣው መስክ ላይ እንዳይሄድ ይይዘዋል። መጠኑ ከታንከሩ 10 በመቶ የበለጠ ይሁን። ለ1,000 ሊትር ታንከር 1,100 ሊትር መያዝ አለበት። ውስጡ 2.2 ሜትር በ1.8 ሜትር፣ ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 1,188 ሊትር ይይዛል፣ ይበቃል። የታንከሩ እግር 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ሆዱ ከግንቡ በላይ ስለሚሆን የሚያፈስበት ቦታ ካለ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ግንቡ ላይ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ አትተዉ። ብዙ ሰው ዝናብ እንዲወጣ ብሎ ይተዋል፣ ናፍጣውም የሚወጣው በዚያው ነው። ዝናብ ከገባ ላዩ ላይ የዘይት ቀለም አለመኖሩን አይታችሁ በባልዲ አውጡት።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ መጣን፣ ታንከሩ ዘንበል ብሎ ይቀመጥ። ለእያንዳንዱ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ርዝመቱ 1.3 ሜትር ከሆነ አንዱ ጫፍ ከሌላው ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። በያጁ እግሮቹን እኩል ቆርጦ በውሃ ልክ አስተካክሎ ሊያስረክባችሁ ይፈልጋል። ዘንበል ይበል በሉት። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ዝቅ ወዳለው ጫፍ ይሰበሰባል። እናንተም ከዚያ ትቀዱታላችሁ። ጠፍጣፋ ሆኖ የተቀመጠ ታንከር ውስጥ ውሃው በሥሩ ሁሉ ተነጥፎ ይቀራል፣ አንድ ቦታ አግኝቶ ማውጣት አይቻልም።

የታንከሩ ቀዳዳዎች

ታንከሩን ስታሠሩ የሚከተሉት እንዲገቡበት ንገሩት።

መሙያው ከላይ፣ ከፍ ባለው ጫፍ ይሁን፣ በቁልፍ የሚዘጋ ክዳን ይኑረው። ቧንቧው ወደ ውስጥ ወርዶ ከሥሩ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይቅር። ናፍጣው ከላይ ተወርውሮ ሲወርድ አረፋና የማይታይ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል።

መተንፈሻው ከመሙያው ቧንቧ ያልቀጠነ ይሁን። አፉ ወደ ታች እንደ ከዘራ ይታጠፍ፣ ጫፉ ላይ ወንፊት ይግባ። መተንፈሻ የሌለው ታንከር ሲሞላ ያብጣል፣ ሲቀዳ ይጨማደዳል። ወንፊት የሌለው ደግሞ ተርብና አቧራ መግቢያ ነው።

ማፍሰሻው ዝቅ ባለው ጫፍ፣ ከሥር፣ በጣም ዝቅተኛው ነጥብ ላይ ይሁን። ቫልቭ ይግጠሙለትና ጫፉ ላይ ቡሽ ይጨመር፣ ከዚያም ይቆለፍ።

መቅጃው ከፍ ባለው ጫፍ ከላይ ይግባ፣ የሚስበው ቧንቧ ከሥሩ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቁም። ያቺ ከሥር የምትቀረው ናፍጣ የባከነች ይመስላችሁ ይሆናል። ፖምፓውን የምታድነው እሷ ናት፣ ዝቃጩ የሚያርፍባት ቦታ ስለሆነች።

ከላይ መሳብ ይሻላል የምለው በምክንያት ነው። ብዙ ሰው ታንከሩን ከፍ አድርጎ ከሥር በቧንቧ መልቀቅ ይወዳል፣ ፓምፕ ስለማያስፈልገው። ነገር ግን ቫልቩ ቢላላ ወይም ከብት ቢረግጠው ሙሉው ታንከር ይፈሳል። በሴኮንድ አንድ ጠብታ እንኳ በቀን ከ2 ሊትር በላይ ይወስዳል።

መለኪያ ዘንግም አዘጋጁ። የተጋደመ ሲሊንደር ላይ ሴንቲ ሜትሩ ከሊትሩ ጋር እኩል አይሄድም፣ መሐሉ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ከሥሩ ወይም ከአናቱ ብዙ ሊትር ይይዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞሉ በየ50 ሊትሩ ዘንጉን እያስገባችሁ በመጋዝ ጫር አድርጉበት። ከዚያ በኋላ የሚያታልላችሁ የለም።

ፓምፕና ፊልትሮ

ለበርሜል የሚዞር የእጅ ፓምፕ ይበቃል። ለታንከር ከትራክተሩ ባትሪ የሚሠራ ባለ 12 ቮልት የናፍጣ ፓምፕ አለ፣ ብዙዎቹ በደቂቃ 40 ሊትር ገደማ ያወጣሉ። ናፍጣ ብቻ ነው የሚቀዱት። ቤንዚን በፍጹም አይቀዳባቸውም።

ከፓምፑ በኋላ ውሃ የሚለይ ፊልትሮ ይግባ። ማጣሪያው 10 ማይክሮን ቢሆን ጥሩ ነው። የሰው ጸጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ነው፣ በፖምፓው ውስጥ ያሉት ብረቶች ግን እርስ በርስ የሚራራቁት በጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። የቆዩት ማሲ ፈርጉሰን ትራክተሮች ትንሽ ቆሻሻ ይችላሉ። ኮመን ሬል (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ሥርዓት) ያላቸው አዳዲስ ሞተሮች ግን ምንም አይችሉም። ፊልትሮው ላይ የተቀየረበትን ቀን ጻፉ። በዓመት አንዴ፣ ወይም ፍሰቱ ሲቀንስ ቀይሩት።

ጎማው ለነዳጅ የተሠራ ይሁን። የአትክልት ውሃ ማጠጫ ፕላስቲክ በናፍጣ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሲያልቅ ጫፉን በክዳን ዘግታችሁ ስቀሉት፣ መሬት ላይ አትጣሉት።

እሳት

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። 9 ኪሎ የደረቅ ዱቄት ማጥፊያ ግዙ፣ ከታንከሩ አጠገብ ሳይሆን 10 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ከሚሮጥበት መንገድ ላይ ይሰቀል። ታንከሩ ሲነድ ጎኑ ያለ ማጥፊያ ማን ያመጣዋል? አሸዋ የሞላ ሁለት ባልዲና አካፋም ይኑር። የሚነድ ናፍጣ ላይ ውሃ አይደፋም፣ ናፍጣው ላዩ ላይ ተንሳፎ እሳቱን ያስፋፋዋል።

ያ የማይታይ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እንዲወርድ ታንከሩን በወፍራም ሽቦ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር አገናኙት። ጀሪካን ስትሞሉ መሬት ላይ አውርዱት፣ የመኪና ጭነት ላይ እንዳለ አትሙሉ። ሲጋራ የለም። ብረት ሲበየድ፣ በሞረድ ድንጋይ ሲሳል፣ ምጣድ ሲጣድ ሁሉም ከዚያ ይራቅ። «ማጨስ ክልክል ነው» የሚለውን በትልቁ ጻፉት፣ ሠራተኞቻችሁ በሚያነቡት ቋንቋም ይሁን።

ቤንዚን ከናፍጣ ጋር በአንድ ዕቃ አይቀላቀል። በቤንዚን ጀሪካን የተቀዳ ናፍጣ በትንሹም ቢሆን በቀላሉ የሚቀጣጠል ይሆናል።

በአፍ መሳብ ይቁም። ናፍጣ ወደ ሳንባ ከገባ ከባድ የሳንባ በሽታ ያመጣል። ልጅ ከጠጣ አታስመልሱት፣ ሲያስመልስ ነው ወደ ሳንባ የሚገባው። ቶሎ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በዚህ ምክንያት ናፍጣ በውሃ ላስቲክ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ ግቢ ውስጥ አይቀመጥ።

የመጀመሪያው ናፍጣ

አዲሱን ታንከር መጀመሪያ በውሃ ሙሉትና አንድ ቀን ይቆይ። ብየዳው የሚያለቅስ ከሆነ አሁን ይታይ። ከዚያ አፍስሱት፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት፣ ክፍት ትታችሁ ፀሐይ ላይ አውሉት። በመጨረሻ በጥቂት ሊትር ናፍጣ አለቅልቁና በማፍሰሻው አውጡት። የብየዳ ፍርፋሪና የዛገ ዱቄት አብሮ ይወጣል።

በርሜል ስታመጡ ተሳቢው ላይ በገመድ ይታሰር፣ በላዩ ሰው አይጫን። ስትገለብጡ በጥሩ ወንፊት ወይም በፊልትሮው በኩል አሳልፉት።

እስከ አፉ አትሙሉት። ናፍጣ ሲሞቅ ይስፋፋል፣ 1,000 ሊትር በ20 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 16 ሊትር ይጨምራል። 95 በመቶ ላይ አቁሙ። ከሞላ በኋላ 24 ሰዓት ሳይነካ ይቆይ። ውሃውና ቆሻሻው የሚወርደው በዚህ ጊዜ ነው። ናፍጣው በደረሰበት ቀን ለመቅዳት መቸኮል የደከማችሁበትን ሁሉ ያበላሻል።

የጠርሙስ ፍተሻ

ይህን የሚሠራ ገበሬ ብዙም አላይም፣ ግን ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም ጠቃሚው ነው። አንድ ንጹሕ፣ ነጭ ብርጭቆ ጠርሙስ ከክዳኑ ጋር ይዛችሁ ጠዋት፣ ታንከሩ ሳይነካ ሂዱ። ማፍሰሻውን ቀስ ብላችሁ ከፍታችሁ ግማሽ ሊትር ያህል ቅዱ። ድንጋይ ላይ አስቀምጡትና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ወደ ብርሃን አንሡት።

ጥሩ ናፍጣ ጥርት ያለ ነው፣ ከኋላው የተጻፈ ነገር ይነበባል። ከሥሩ ቀጥ ያለ መስመር ካያችሁ ከመስመሩ በታች ያለው ውሃ ነው። በሙሉ ደፍርሶ ጉም የመሰለ ከሆነ ውሃው ገና አልለየም፣ አንድ ቀን ጨምሩለት። ጥቁር ወይም ቡናማ ልጋግ በመስመሩ ላይ ከተንሳፈፈ ደግሞ ተህዋስ ገብቶበታል። እነዚህ ተህዋስ የሚኖሩት ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት ቦታ ነው፣ ሙቀት ይወዳሉ፣ ልጋጋቸው ፊልትሮ ይደፍናል፣ የሚያወጡት አሲድም ብረት ይበላል። ውሃ ከሌለ አይኖሩም።

ጥርት ያለ ናፍጣ እስኪመጣ ድረስ በባልዲ አፍስሱ። በሥራ ወቅት በየሳምንቱ፣ ታንከሩ ሳይነካ በሚከርምበት ጊዜ በየወሩ አድርጉት። እንደ ሮቤ ባለ ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝ ደጋ ላይ ከሆናችሁ በየ15 ቀኑ ይሁን፣ ታንከሩ በየሌሊቱ እርጥብ አየር እየሳበ ግድግዳው ላይ ስለሚያልበው ነው። ማደያዎች የሚጠቀሙበት ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ቅባትም አለ፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ ተቀብቶ ሲገባ የውሃውን ከፍታ ያሳያል።

ወደ ትራክተሩ ስትቀዱ

ሞተር ይጥፋ። የሰልባትዮው ክዳን ከመከፈቱ በፊት ዙሪያው በጨርቅ ይጠረግ፣ ከእርሻ የመጣ ትራክተር አናቱ ላይ የተከመረው አቧራ የሚገባው በዚያች ደቂቃ ነው። ነፋስ ካለ ጀርባችሁን ለነፋሱ ሰጥታችሁ ክዳኑን ጋርዱት።

የምትቀዱት ማታ ይሁን እንጂ ጠዋት አይሁን። ሌሊቱን ሞልቶ ያደረ ሰልባትዮ ውስጥ አየር የለም፣ አየር ከሌለ ጤዛ የለም። ጠዋት የሾፌሩ ጊዜም ይተርፋል። ስንት ሊትር እንደተቀዳና የትራክተሩን የሰዓት ቆጣሪ በደብተሩ ላይ ጻፉ። በሰዓት 12 ሊትር ይበላ የነበረ ትራክተር 16 ከገባ አንድ ነገር አለ፣ ወይ ኖዝሉ ነው ወይ ናፍጣው ተሰርቋል።

የፈሰሰ ካለ ወዲያው አሸዋ ወይም የእንጨት ብናኝ በትኑበት፣ ሲመጥ በአካፋ ዝቃችሁ በዕቃ አድርጉት። በውሃ አጥባችሁ ወደ ቦይ አትልቀቁ።

ወቅቱ ሲያልፍ

ታንከሩ ክረምቱን ግማሽ ባዶ ሆኖ አይክረም። ወይ ተጠቅማችሁ ጨርሱት፣ ወይ 95 በመቶ ሙሉት። ባዶው ቦታ ሁሉ እርጥብ አየር ነው። ሞልቶ የሚከርም ከሆነ የተገዛበትን ወር በኖራ ጻፉበት። አዲስ ናፍጣ ሲመጣ አሮጌው ቀድሞ ይለቅ።

በዓመት አንዴ ታንከሩ ባዶ ሲሆን በመሙያው በኩል በባትሪ ወደ ውስጥ እዩት። ዝቃጩ ከበዛ በማፍሰሻው በናፍጣ አለቅልቁት። ሰው ታንከር ውስጥ ገብቶ እንዳያጸዳ፣ ውስጡ ያለው አየር ይገድላል። መገጣጠሚያዎቹን በጨርቅ ጥረጉና በማግስቱ እዩአቸው፣ የሚያንጠባጥብ ካለ እርጥብ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የማጥፊያውን ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆኑን ተመልከቱ።

ከሥር ያፈሰሳችሁት ውሃና ዝቃጭ በዕቃ ይቀመጥ። ለቀናት ሲቆም ናፍጣው ከላይ ይለያል። ቢሆንም ያን ናፍጣ ወደ ትራክተሩ አትመልሱት። የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስቡ ጋራዦች ስጡት።